ጠቋሚ በሌለበት ጀልባ አልሳፈርም

ዛሬ ሐይቅ ላይ ጀልባ ልንሳፈር ስንል የሚስቴ ወንድም ሰይድ እግሩን ተክሎ ቆመ። «ጠቋሚው ማን እንደሆነ ሳይነገረኝ ወላሂ አልገባም!»

ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ምክንያቱ በደርግ ጊዜ ማስታወሻዬ ላይ ሰፍሯል።

ያኔ ከሰይድ ጋር ከኮምቦልቻ አሰብ ወርደን፣ ደረቅ ዓሣ ልንገዛ በሸራ ጀልባ ወደ ደሴቶቹ ሄድን። የጀልባው አለቃ አባ ሷሊህ ገመድ የታሰረበት ባዶ ጀሪካን አዘጋጁና፣ «ሰው ባሕር ውስጥ ከወደቀ ያንተ ሥራ ዓይንህን ከእሱ ሳትነቅል ያለበትን በእጅህ መጠቆም ብቻ ነው» አሉኝ። ቀላል መሰለኝ።

መሐል ላይ የሸራው እንጨት ዞር ሲል ሰይድን ጠርጎ ባሕር ውስጥ ጣለው። እኔስ? የወሎ ሰው አይደለሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ሁለት እጄን ለዱዓ ዘረጋሁ!

«በአንድ እጅህ ጠቁም፣ በአንዱ ዱዓ አድርግ!» ብለው አባ ሷሊህ ጮኹብኝ።

ዓይኔን ስገልጥ ሰይድ የለም። ቆይቶ ነጭ ኮፍያው በማዕበሉ መሐል ብቅ አለ። ጠቆምኩ፤ ጀልባው ዞረ፣ ጀሪካኑ ተወረወረለት፣ አልሐምዱሊላህ ወጣ።

ዛሬም «እኔ ልጠቁም» ስለው፣ «አንተማ ዱዓህን አድርግ» ብሎ ሥራውን ለሚስቴ ሰጣት።

እናንተስ፣ ደንግጣችሁ የተሰጣችሁን ሥራ የረሳችሁበት ቀን የለም? እስኪ ጻፉልኝ፤ ሰይድ በእኔ ብቻ እንዳይስቅ።