በየሦስተኛው ደወል

«ወደ ውስጥ ግቡ» ሲባል ከበሩ ሥር አልነሣም የሚል ሽማግሌ ገጥሟችሁ ያውቃል? ያረፉት አጎቴ እንደዚያ ነበሩ።

በስደት ገዳሪፍ ከተማ ሳሉ ሰሊጥ ሲጭኑ ከሎሪ ላይ ወድቀው ወገባቸው ተጎዳ። በዱላ መሄድ ቻሉ፤ ሽንታቸው ግን ከዚያ ወዲህ አልታዘዛቸውም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አከርካሪ ሲጎዳ ፊኛ መሙላቱን ለባለቤቱ አይናገርም። ስለዚህ ሳይመጣ ቀድሞ፣ በሰዓት መውጣት ያስፈልጋል። ቤታችን ከማስተምርበት የስደተኞች ትምህርት ቤት አጥር ሥር ነውና፣ አጎቴ ደወል አድርጌ የምመታውን የመኪና ቸርኬ ከበሩ ሥር ሆነው እየቆጠሩ በየሦስተኛው ወደ መጸዳጃ ይወጡ ነበር። በሩ ሲከፈት ከክፍል ሆኜ እሰማ ነበር።

አንድ ቀን በፈተና ተጠምጄ ደወሉን ረሳሁት። ቤት ስደርስ እንግዶች ተቀምጠዋል፤ አጎቴ ጭናቸው ላይ ሻይ ፈሶባቸዋል።

«እጄ ተንቀጠቀጠ» አሉ።

እጃቸው ተንቀጥቅጦ አያውቅም። እርጥቡን ለመሸፈን ራሳቸው እንደደፉት የገባው ለእኔ ብቻ ነው። እንግዶቹ ሲሄዱ አጎቴ እንደ ተማሪዎቼ «ኡስታዝ፣ ዛሬ ደወልህ ተኛ እንዴ?» ብለው ቀለዱብኝ። ከዚያ ወዲያ ግን ሰው ሲመጣ «ተኝቷል በሉ» ይሉ ጀመር። ጠያቂውም ቀስ በቀስ ቀረ። እስኪያርፉ ድረስ ብቻቸውን ደወል ሲቆጥሩ ኖሩ።

ዛሬም ሦስተኛውን ስመታ ጆሮዬ ወደ አጥሩ ይሄዳል። በሩ አይከፈትም።

ከበር ሥር የሚቀመጥ ሰው ካላችሁ ወደ ውስጥ አትጎትቱት። ከሰው መሀል ተነሡና «እኔ ልወጣ ነው፣ አብረን እንውጣ» በሉት። እኔ አንድም ቀን ሳልላቸው ቀርቻለሁና፣ እናንተ ሞክሩት።