ደልካችን ደንበኛ ያጣበት ሰሞን

ልጄ ያንን የሱዳን ሲም ስትገዛ አብሬያት ነበርኩ። የድንበሩን ድልድይ ተሻግረን ሱዳን፣ ገላባት ሽንኩርት ልንገዛ በሄድንበት ቀን ነው፤ ያኔ መሻገር ማለት ጎረቤት ቤት እንደ መግባት ነበር። መተማ፣ እኛ ሰፈር፣ የኛ ኔትወርክ ሲጠፋ የሱዳኑ ጥርት ብሎ ይገባል። ስለዚህ ብዙው ሰው ሁለት ሲም ነበር የሚይዘው፤ አንዱን ለዘመድ፣ አንዱን ለኢንተርኔት። ልጄም የመሸጫ ቻናሏን በሱዳኑ ቁጥር ከፈተች። ሌላውም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው፤ ተዉ ያለን ሰው አልነበረም።

የምንሸጠው ደልካ ነው። ደልካ ለማያውቀው ገላ ማሻሻ ነው። የማሽላ ዱቄት ከቅርንፉድና ከተፈጨ የሰንደል እንጨት ጋር ይለወሳል፤ ሊጡ ገበቴ ውስጥ ዙሪያውን ይለጠፋል፤ ከዚያ ገበቴው ጉድጓድ አፍ ላይ ተደፍቶ በግራር እንጨት ጢስ ቀናት ይታጠናል። ጠቁሮ ሽታው ልብስ ላይ አልለቅ ሲል ደረሰ ማለት ነው። በሰሊጥ ዘይት አርሰው ሲያሹበት ቆዳ ይለሰልሳል። እኔ የተማርኩት ገላባት ልብስ አጥብላት ከነበረች ሱዳናዊት ነው። ኻልቲ እላት ነበር፣ አክስቴ እንደ ማለት። እዚያ ማዶ ለሙሽራ ነው የሚሠራው። እኔም ለልጄ ሠርግ ይሆነኛል ብዬ ተማርኩት፤ እሷ ግን ሠርጉን ትታ ደልካውን መሸጥ ጀመረች።

ስሠራ ትቀርጸኛለች። ፊቴን እንዳታሳይ ስለከለከልኳት እጄን ብቻ ነው የምታሳይ። ከጎንደርም፣ ከባሕር ዳርም፣ አንዳንዴ ከአዲስ አበባም ያዛሉ። እሷ ታሽግና የተቀባዩን ስልክ ትጽፍበታለች፤ እኔ መነኻሪያ ወስጄ ለአንድ የሚኒባስ ሹፌር እሰጠዋለሁ። ሹፌሩ ጎንደር ሲደርስ ደውሎ ያስረክባል፤ የሩቁን ለሌላ መኪና ያስተላልፋል። እንዲህ እያልን ሁለት ዓመት ሠራን።

ሱዳን ውስጥ ተኩሱ ሲጀመር የሱዳኑ ኔትወርክ አንድ ቀን እየመጣ ሦስት ቀን እየጠፋ ቆየና እኛ ጋ ጭራሹን ቀረ። ቻናሉ ግን ስልኳ ላይ ስለነበረ በኛው ሲም ኢንተርኔት ይሠራል፤ አልጨነቀንም። የጨነቀን ስልኩ የውሃ በርሜል ውስጥ የገባ ዕለት ነው። የጣልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ያዢልኝ ብላኝ ደረቴ ውስጥ ሸጉጬው፣ ውሃ ልቀዳ ጎንበስ ስል ሾልኮ ገባ። ስልኩም የሱዳኑ ሲምም ሞቱ። ሌላ ስልክ ተገኝቶ ቻናሉን ልትከፍት ስትል ማረጋገጫ ቁጥር ይጠይቃታል፤ ያ ቁጥር የሚላከው ደግሞ ወደ ሱዳኑ ሲም ነው። ደንበኞቿ በሙሉ እዚያ ውስጥ ቀሩ።

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

"ገላባት እሄዳለሁ" አለች። "ማዶ ኔትወርኩ ይሠራል አሉ፤ ሲሙን የሸጠልን ሰውዬ ይቀይርልኛል። እሱ ከሌለ ወደ ውስጥ ገዳሪፍ ከተማ ድረስ እዘልቃለሁ።"

ተኩሱ በተጀመረ ሰሞን ሴቶች ከማዶ ባዶ እግራቸውን፣ ልጅ አዝለው ሲመጡ በዓይኔ አይቻለሁ። ያለችኝ ልጅ እሷ ብቻ ናት። አባቷ የእርሻ ትራክተር ይነዳል፤ ያን ሰሞን ገለጉ እርሻ ላይ ነበር፣ ደውዬ እንዳላማክረው ስልክ አይገባለትም።

"አትሄጂም።"

"እማ፣ ሦስት ጎረቤቶች ይሄዳሉ እኮ። ሐሙስ ተሻግረው ያንኑ ቀን ይመለሳሉ።"

"እነሱ የሚሳሳላቸው እናት የላቸውም ይሆናል።"

"አንዷማ እናቷን ይዛ ነው የምትሄድ!" ብላ ሳቀች። እኔ ሳቁ ከየት ይምጣልኝ።

"ሌላ መሸጫ ባገኝልሽስ?"

"የት?"

የት እንደሆነ አላውቅም ነበር። "እስከ ሐሙስ ብቻ ታገሽኝ" አልኳት። ቅዳሜ ነበር።

ሰኞ ጠዋት አንድ ካርቶን ደልካ ይዤ መነኻሪያ ወረድኩ። የሰሊጥ አጨዳው አልቆ ሠራተኛው ወደ ደጋ የሚመለስበት ጊዜ ነው፤ ለሚስቱ ነገር መግዛቱ አይቀርም ብዬ አሰብኩ። በሕይወቴ ሰው አስቁሜ ግዛኝ ብዬ አላውቅም። እየፈራሁ አንዱን የጎጃም ሰው ጠራሁት።

አንዱን እሽግ ከፍቶ አየና "ኧረ እናቴ፣ ይኸማ የምጣድ ጥላሸት ነው" አለኝ። "ይህን ይዤ ብገባ ሚስቴ ምን አቃጥለህ መጣህ አትለኝም?"

ነገሩ ሲያናድደኝ ፍርሃቴ ጠፋ። ክንዱን ያዝኩና በዘይት አርሼ አሸሁለት። አጨዳ ያሻከረው ክንድ ወዙ መለስ አለ። ጓደኞቹ ከበቡን።

"እዩት፣ እዩት! አንድ እጁ ሙሽራ ሆነ!"

"ሌላውንም ያሹለት እንጂ እናቴ፣ እንዲህ ዥንጉርጉር ሆኖ አገሩ አይግባ!"

እሱም እየሳቀ ሁለት ገዛ፤ ከጓደኞቹም አራቱ ገዙ። ካርቶኑ ሊያልቅ ሲል ያ የኛ ሹፌር አየኝ።

"እቴቴ፣ ምነው ጠፉ? ደልካውን ተዉት እንዴ?"

ከሲሙ ጀምሬ እስከ በርሜሉ ነገርኩት። እንባዬ መጣ። እሱ ግን ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

"ታዲያ የሚያስለቅስዎ ምንድን ነው? የደንበኞቹ ቁጥር እኔ ጋ አለ። ለእያንዳንዷ የምደውል እኔ አይደለሁ?"

እውነትም ነበረው። ስማቸውን ስለማያውቅ በራሱ መንገድ ነው የመዘገባቸው። እሱ ያነባል፣ እኔ የካርቶኑ ክዳን ላይ እጽፋለሁ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል ባያልፍም ቁጥር አይጠፋኝም።

"ደልካ አዘዞ። ደልካ ቀጭኗ። ደልካ መጣሁ ብላ የማትመጣ። ደልካ ባሏ የሚቀበል..."

"ይህን ሁሉ ልጻፈው?"

"ይጻፉት እንጂ፤ ጠባያቸውን ማወቅ ለእናንተም ይጠቅማል።"

ልጄ ክዳኑን ስታነብ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ መደወል ጀመረች። አንዳንዱ አያነሳም። አንዳንዷ አጭበርባሪ መስላት ትዘጋለች። ጎንደር ሙሽራ የምታስጌጥ አንዲት ሴት ግን ጮኻ ተቀበለቻት።

"የት ጠፋሽ አንቺ? ሙሽሮቼ እየለመኑኝ! አሁንስ ለያንዳንዱ ሰው መላኩን ተይው፤ ለኔ በካርቶን ላኪና ቤቴ ላስቀምጠው።"

ይህን ስሰማ አንድ ነገር ገባኝ፤ ለልጄም ነገርኳት። "አየሽ፣ ሁሉንም አንድ ስልክ ውስጥ አስቀምጠን ነው የተጎዳነው። ጥቂቱ አስጌጧ ቤት ይሁን። ጥቂቱን ሹፌሩ መኪናው ውስጥ ይሽጥ፣ ድርሻውን እንስጠው። ለሠራተኛው እኔ መነኻሪያ እወርዳለሁ። አንቺም ቻናልሽን በኛ አገር ሲም፣ በኔ ቁጥር ክፈቺ፤ የደንበኛውንም ስልክ ደብተር ላይ ጻፊው።"

"እማ፣ ነጋዴ ወጣሽ እኮ!"

"ፍርሃት ነው።"

በዚያው ቀን ቻናሉን በእኔ ቁጥር ከፈተች። ቢሆንም ገላባት መሄድ አለመሄዷን ቁርጡን አልነገረችኝም። ረቡዕ ማታ እንኳ መታወቂያዋን አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣዋለች። እዚያ የቀሩት ብዙ ናቸው፣ ሁለት ዓመት የለፋሁበት ነው ትላለች፤ እውነቷን ነው።

ሐሙስ ጠዋት ጎረቤቶቹ በር ላይ መጡ። እኔ ሊጥ እየለወስኩ ነበር፤ እጄ ሊጡ ውስጥ እንዳለ ቀረ።

"አንቺ ልጅ፣ ነይ እንጂ! ፀሐይ ሳይበረታ!"

ልጄ ስልክ ላይ ናት። አስጌጧ ቁጥራችንን የሰጠቻት አንዲት ሙሽራ ነበረች የምታዋራት፤ ያሳክካል ወይ፣ ነጭ ልብስ ያበላሻል ወይ፣ ስንት ቀን ሲቀረው ልጀምር፣ ጥያቄዋ አያልቅም። ልጄ ስልኩን በእጇ ከደን አድርጋ ወደ በሩ ዞረች።

"እናንተ ሂዱ፣ ደንበኛ ይዣለሁ።"

"እንጠብቅሽ?"

"አትጠብቁኝ።"

እኔ ምንም እንዳልሰማ ሰው ሊጤን መለወስ ቀጠልኩ። ውሃ አብዝቼበት ኖሮ ቀጥኖ ተበላሸ።

ጎረቤቶቹ ከሰዓት በኋላ በደህና ተመለሱ። ሽንኩርት ገዝተዋል። የሲም ነጋዴው ሱቅ ዝግ ነው አሉ፤ ወዴት እንደሄደም የሚያውቅ የለም።

"አየሽ፣ ምንም አልሆኑም" አለችኝ ልጄ።

"እሰይ፣ እንኳን በሰላም ገቡ።"

"ብሄድም ምንም አልሆንም ነበር።"

"አዎ፣ አትሆኚም ነበር።"

"ፈሪ ነሽ እኮ፣ እማ።"

"ነኝ።"

አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች። የቀጠነውን ሊጥ አየችና ዱቄቱን ስባ ትጨምርልኝ ጀመር። "ነገ ለጎንደር ሁለት ካርቶን ነው" አለች፤ "እንዲህ ከቀጠነማ ሾርባ ነው የምንልክላቸው።"