የእትዬ አማረች ማይክሮፎን

ቅዳሜ ጠዋት ከአዲስ አበባ የወጣሁት በጋሼ ዘሪሁን መኪና ነው። ጋሼ ዘሪሁን ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ካለ የመስቃን ገጠር በልጅነታቸው ወጥተው መርካቶ በንግድ ያረጁ ሰው ናቸው። ከኋላ ወንበር ታናሽ ወንድማቸው አቶ ተፈራ ተቀምጠዋል። የጉዟችን ምክንያት እናታቸው ነበሩ። ካረፉ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል፤ አዲስ አበባ የተወለዱት የልጅ ልጆች ስማቸውን እንኳ በቅጡ አያውቁም። ስለዚህ ሁለቱ ወንድማማቾች እዚያው የትውልድ ቤታቸው ከቀሩት እህታቸው ጋር ተቀምጠው ስለ እናታቸው ሊያወሩ፣ እኔ ልቀዳ፣ ከዚያም አቀናብሬ ለቤተሰቡ ላስረክብ ተስማማን።

ሥራዬ ድምፅ መቅዳት ነው። ቦርሳዬ ውስጥ መዳፍ የምታክል መቅጃ ይዣለሁ። አራት ማይክሮፎን በአንድ ጊዜ ተቀብላ የእያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው ታስቀምጣለች። አንዱ ሲናገር ሌላው ቢያስለው፣ ሳሉን በኋላ ኮምፒውተር ላይ ለይቶ ማውጣት ይቻላል።

ዓለም ገና ላይ የጂማውን መንገድ ትተን ወደ ግራ ታጠፍን። መልካ አዋሽን፣ ጢያን አለፍን። ከቡኢ በኋላ ተራራው በቀኛችን አብሮን ይሄድ ጀመር። ጋሼ ዘሪሁን መስታወቱን ዝቅ አድርገው አየሩን ሳቡና፣ «ይኼን አየር ስስብ ጉልበቴ ይመለሳል» አሉ።

«መሪውን ያዝ እንጂ፣ አየሩ የትም አይሄድም» አሉ አቶ ተፈራ።

ቡታጅራ ላይ ክትፎ በቆጮ በላን። ከከተማው ወጥተን በአፈሩ መንገድ በርበሬ ከጫኑ ጋሪዎች ጋር እየተጋፋን ደረስን። እትዬ አማረች በር ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ከሦስቱ ታናሽ እሳቸው ናቸው፤ ቀጭን፣ ፈጣን እጅ ያላቸው ሴት። አማርኛቸው የጉራጊኛውን ቅላጼ አልለቀቀም። ማይክሮፎኗን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ስሰካ ጎንበስ ብለው አዩዋት።

«ይቺ ዝንብ ናት የምትሰማው?»

«አዎ እትዬ።»

ሦስቱም አግዳሚው ላይ ተደረደሩ። አራተኛው ማይክሮፎን የእኔ ነበር፤ ለጥያቄ። ወንድማማቾቹ እየተቀባበሉ አወሩ፣ ሳቁ፣ ተከራከሩ። በጆሮ ማዳመጫዬ የአራታችንም ድምፅ ተደባልቆ ይሰማኛል። በእትዬ አማረች በኩል የዶሮ ጫጫታና የነጠላ ኮሽታ ስለበዛብኝ የእሳቸውን ከማዳመጫዬ ላይ ዝቅ አደረግሁት። ቅጂውን አይነካም፤ ለጆሮዬ እንዲቀለኝ ብቻ ነው።

ወደ መጨረሻው ጋሼ ዘሪሁን ስለ እናታቸው ሞት አወሩ። «እኔ አልደረስኩም። መንገድ ላይ ነበርኩ። ግን መርቃኝ ነው የሞተችው። ስሜን ጠርታ፣ ‹ዘርህ ይባረክ፣ እጅህ የነካው አፈር ወርቅ ይሁን› ብላ። አማረች ናት የነገረችኝ። ያለኝ ሁሉ በዚያች ምርቃት የመጣ ነው።» ድምፃቸው ተሰበረ። ከዚያ ቶሎ ብለው ብድግ አሉና የመኪናቸውን ቁልፍ አወጡ። ሳይመሽ አዲስ አበባ መግባት ነበረባቸው።

«የሚጨምሩት አለ፣ እትዬ?» አልኩ፣ ማይክሮፎኖቹን እየነቀልኩ።

እትዬ አማረች የወንድማቸውን ቁልፍ አዩት። «እነሱ ብለውታል» አሉ።

እሑድ፣ ወልቂጤ

ወንድማማቾቹ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ እኔ ቡታጅራ አደርኩ። ላፕቶፔ ስለተበላሸ ቅንብሩን ወልቂጤ ጓደኛዬ ግርማ ዘንድ ልሠራ ነበር። ግርማ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው፤ ወልቂጤ ያስተምራል፣ ከተከራየው ቤት አንዱን ክፍል ስቱዲዮ አድርጎታል። በሚኒባስ ተራራውን ወጣን። ከላይ ብርድ፣ ገብስና ጉም ነው፤ ወደ ጉብሬ ስንወርድ እንሰቱ መንገዱን ከግራና ከቀኝ ያዘው። ወልቂጤ መናኸሪያ ወርጄ በባጃጅ ቤቱ ስደርስ ግርማ ምሳ አቅርቦ ይጠብቀኝ ነበር።

ከምሳ በኋላ ድምፁ ያለበትን ካርድ ከመቅጃዋ አውጥተን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካነው፤ ኮምፒውተሩ አላነበበውም። ካርዱን መልሰን መቅጃዋን ራሷን በገመድ አገናኘናትና ስክሪኗ ላይ ፋይል ማስተላለፊያውን መረጥኩ። ፋይሎቹ ታዩ።

«ከካርዱ ላይ እንዳትከፍታቸው። መጀመሪያ ገልብጥ» አለ ግርማ።

ገለበጥን። ወደ ማቀናበሪያው ስናስገባቸው ጋሼ ዘሪሁን የሰከረ ሰው ድምፅ አወጡ፤ የተጎተተ፣ የወፈረ። የግርማ ፕሮግራም ለሙዚቃ በሚጠቀምበት የፍጥነት ልክ ተስተካክሎ ነበር። ወደ መቅጃዋ ልክ ስንቀይረው ድምፁ ተመለሰ። አራቱን ፋይሎች ከአንድ መነሻ አሰለፍናቸው። ስክሪኑ ላይ የወንድማማቾቹ የድምፅ መስመሮች እንደ መጋዝ ጥርስ ቆመዋል። የእኔም እዚህም እዚያም ብቅ ይላል። የእትዬ አማረች ግን ክር ነው።

«ይኼ ባዶ ነው፤ እናውጣው?» አለ ግርማ።

«ለብቻው አሰማኝና።»

ዶሮ ተሰማ። ነጠላ ተንኮሻኮሸ። ግርማ ወደ መጨረሻው ወሰደው። ጋሼ ዘሪሁን ከሩቅ ስለ ምርቃቱ ሲናገሩ ይሰማል። ከዚያ ጆሮዬ ሥር የመጣ ያህል ቀርቦ፣ የእትዬ አማረች ሹክሹክታ፦

«የእኔን እጅ ነው የያዘችው። ዓይኗ አያይም ነበር። ዘሪሁን መጣ ወይ አለችኝ። መጣ አልኳት። እጄን ሰጠኋት። አንተን መስያት ነው የመረቀችው...» ትንፋሽ። «እኔንማ በስሜ ማን መረቀኝ።»

ግርማ አቆመው። «ሰውየው ይኼን ሰምተዋል?»

«ማንም አልሰማም።»

«አንተ እዚያው አልነበርክም እንዴ?»

«ነበርኩ» አልኩ።

ሰኞ፣ እንደገና መስቃን

ቅንብሩን ትቼ በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ። ብቻቸውን አስቀምጬ እንደገና ብቀዳቸው የሚካካስ መስሎኝ ነበር። እትዬ አማረች ምንጣፍ ላይ በርበሬ ሲለቅሙ አገኘኋቸው። የመጣሁበትን ስነግራቸው እጃቸው ቆመ። ማዳመጫውን ሰጠኋቸው። ሰሙት። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«እሱ ሰምቷል?»

«አልሰሙም።»

«እንዳታሰማው።»

«እትዬ፣ እውነት እኮ ነው። ለብቻዎ ተረጋግተው ይንገሩኝ፣ እኔ—»

«ላንተ? አንተ ምን ታደርግልኛለህ፣ ልጄ?» ክፋት አልነበረበትም፤ የምር ነው የጠየቁኝ። «እኔ ቤቷ አለኝ። የተከለችው እንሰት አለኝ። እሱ ከእናቱ ያለው ያቺው ምርቃት ናት። በስተርጅናው ልንጠቀው ነው?»

«ታዲያ ለምን አሉት?»

ጥቂት በርበሬ ለቀሙ። «እኔም ልጇ ነኛ። እንደዚያ ሦስታችንም አንድ ላይ ቁጭ ብለን፣ ‹አማረች ምን አልሽ?› ያለኝ ቢኖር እናገር ነበር። ቀስ አድርጌ፣ እንዳይከፋው አድርጌ። አሁን በማሽን ቢሰማው ስድብ ይሆንበታል። አጥፋልኝ።»

እዚያው ፊታቸው ካርዱ ላይ ያለውን የእሳቸውን ፋይል አጠፋሁ። ለግርማ ደውዬም የሱን ቅጂ እንዲያጠፋ ነገርኩት። ሁለቴ ጠየቀኝ፤ ሁለቴም አዎ አልኩ። ሌሎቹ ማይክሮፎኖች ሹክሹክታውን አልያዙትም ነበር፤ ምንም አልቀረም። እትዬ አማረች በርበሬ በፌስታል ቋጥረው ሰጡኝና እስከ መንገዱ ሸኙኝ።

ከቡታጅራ አዲስ አበባ ድረስ ሚኒባሱ ውስጥ የራሴን ጥያቄ ሳመላልስ መጣሁ። «የሚጨምሩት አለ?» አንዱ ቁልፍ ይዞ ቆሞ፣ እኔ ማይክሮፎን እየነቀልኩ ሰው እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል? ከዚያ ወዲህ የምቀዳቸው ሰዎች ከመነሳታቸው በፊት የእያንዳንዱን ማይክሮፎን ለብቻው አዳምጣለሁ። ለሌሎች ይጠቅም ይሆናል። ለእትዬ አማረች ግን አልደረሰም።

ቅንብሩን ጨርሼ ጋሼ ዘሪሁን ቤት ወሰድኩ። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ተሰብስበው ሰሙ። ምርቃቱ ጋ ሲደርስ ጋሼ ዘሪሁን አንገታቸውን ደፉ። ሲያልቅ ዓይናቸውን ጠራርገው ወደ እኔ ዞሩ።

«አማረች ግን ምነው ምንም አላለች?»

«ለምን ደውለው አይጠይቋቸውም፣ ጋሼ?»

«እሺ፣ ለመስቀል ስወርድ እጠይቃታለሁ» አሉ። ከዚያ ወደ ሴት ልጃቸው ዞረው፣ «እስቲ ያቺን ምርቃት መልሰሽ አሰሚኝ» አሉ።