የክለብ መርዶ

ወሬውን የነገረችኝ የወንድሜ ልጅ ናት። ክላፋም ውስጥ በምሠራበት ትምህርት ቤት ኩሽና ትልቁን ድስት እየፈተግኩ ሳለሁ ደወለችና፣ «አክስቴ፣ የዳዲ ክለብ ተዘጋ። ኦንላይን ወጥቷል። እሱ ገና አላየም» አለችኝ። የምን ክለብ ነው የምታወሪው ብዬ ልቆጣት ስል «የአሜሪካው» አለች፤ ያኔ ገባኝ። ዱብ ዕዳ ነው የሆነብኝ። ሰው ሲሞት ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ፤ ማን እንደሚጠራ፣ ምን እንደሚባል፣ መቼ እንደሚለቀስ አውቃለሁ። አሜሪካ ያለ የኳስ ክለብ ሲሞት ግን ለንደን የተቀመጠ ሰው ምን ያደርጋል? ድስቱን ፈትጌ ጨረስኩ።

ወንድሜ በዕድሜ ብዙ ይበልጠኛል፤ ጋሼ ነው የምለው። በወጣትነቱ በሱዳን በኩል ተሰድዶ አሜሪካ ሲገባ ያረፈው ሐይቅ ዳር ባለች፣ ፋብሪካዎቿ አንድ በአንድ እየተዘጉ በነበረች ብርዳማ ከተማ ነው። ቋንቋ የለ፣ ዘመድ የለ። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ሰዎች ኳስ ሲለማመዱ አየና ከአጥሩ ውጪ ቆመ። ኳሷ አጥሩን ዘላ ስትመጣለት ሳያቆም መልሶ መታት። አመታቱን ያየው አሠልጣኝ በእጁ ጠራው። ጋሼ ሲያወራው እንዲህ ቀላል ነው፤ እኔ ግን ግማሹን ጨምሮበታል ባይ ነኝ።

ክለቡ ያኔም አሮጌ ነበር። የመሠረቱት ከአውሮፓ የመጡ የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው፤ እሁድ እሁድ በሥራ ጫማቸው የጀመሩት ጨዋታ ቀስ በቀስ ደመወዝ የሚከፈልበት ሆነ። ትልቁ ሊግ ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ከታች ነው። እዚያ አገር ሊጎቹ ራሳቸው ይፈርሳሉ፤ አንዱ ሲፈርስ ክለቡ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሌላው ይገባል። ስም ቀይሯል፣ ባለቤት ቀይሯል፤ ሜዳ ባጣበት ዓመት በአዳራሽ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተጫውቷል። አረንጓዴና ነጩን ማሊያ ብቻ አልቀየረም። ስታዲየም ስላልነበረው የሚጫወተው በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ሲሆን፣ ሣሩ ላይ ያ በእጅ የሚጫወቱት የእነሱ ፉትቦል መስመር ሁሉ ተሰምሮበታል። ጋሼ በመጀመሪያ ጨዋታው በክንፍ በኩል ሲበር አንዱን መስመር አልፎ ከሜዳ የወጣ መሰለውና ኳሷን አቁሞ እጁን አነሣ። መስመሩ የዚያኛው ጨዋታ ነበር። ተመልካቹ ሁሉ ሳቀበት፤ ይህን ሲያወራ እስከ ዛሬ ያፍራል።

ለንደን የመጣው እናታችን እኔ ጋ ታማ በተኛች ጊዜ ነው። ለጥቂት ወር ብሎ መጥቶ፣ እሷን ቀብሮ፣ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ፈትቶ፣ ብሪክስተን በካውንስል የኪራይ ቤት ቀረ። ክለቡን ግን አልለቀቀም። ጨዋታው እኛ ከተኛን በኋላ ስለሚካሄድ እሁድ ጠዋት ተነሥቶ ቅጂውን ያያል፤ እስኪያይ ድረስ ውጤት የሚነግረው ሰው ጠላቱ ነው። ጓደኞቹ ክለቡ አይገባቸውም። እዚህ አገር ያለ ክለብ የቱንም ያህል ታች ቢሆን አንደኛ ከወጣ ያድጋል። የጋሼ ክለብ ዋንጫ የበላ ጊዜ ሰዉ ሁሉ ቤቱ ተሰብስቦ፣ «እንኳን ወደ ላይ አደጋችሁ!» እያለ ጨፈረ። ጋሼ ጭፈራው እስኪበርድ ጠብቆ፣ «እዚያ አገር ማደግ የለም። የሊጉ ቦታ በገንዘብ የሚገዛ ነው» አላቸው።

«ታዲያ ለምን ይደክማሉ?» አልኩት ተናድጄ።

«አንቺስ? ድስት በማጠብ አድገሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ አፌን አስያዘኝ።

ባለፈው ዓመት ደረቱን ከፍተው ልቡን ጠገኑለት። ሐኪሞቹ በየቀኑ ይራመድ፣ ድንጋጤ አያግኘው አሉን። እሱ ግን ሶፋው ላይ ተለጠፈ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ ልጁ አለቀሰችበት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ፊቱ እየገረጣ፣ እግሩ እየቀጠነ ሲሄድ እያየሁ ምንም ማድረግ አልቻልኩም። ከዚያ ከክለቡ ተደወለ። የክለቡ የምሥረታ በዓል ስለሆነ የቀድሞ ተጫዋቾች ተሰብስበው በእረፍት ሰዓት ሜዳውን ይዞራሉ፣ ትመጣለህ ወይ አሉት። በማግሥቱ ጋሼ የጫማውን ክር ሲያስር አገኘሁት።

መጀመሪያ እስከ ሊፍቱ ሄደ። ከዚያ እስከ ባስ ስቶፑ፣ ከዚያ ገበያውን ዞሮ። በኋላ በኋላማ ከብሪክስተን ተነሥቶ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ድረስ፣ ሁላችንም ሐጂ የምንላቸው ሽማግሌ ሱቅ፣ በእግሩ እየሄደ ላቡን ሲጠርግ ይገኝ ጀመር። ምን ያስቸኩልሃል ሲሉት፣ «በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልጎተት እንዴ?» ይላቸዋል። ፊቱ ተመለሰ፣ ቀልዱ ተመለሰ። እኔ ለኳስ ደንታ የለኝም፤ ወንድሜን ከሶፋ ያስነሣልኝ ግን እሱ ነውና ክለቡን በዱዓዬ ውስጥ አስገባሁት። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አንዳንዴ ከዘመዶቼ አስቀድሜዋለሁ።

እና ያ ክለብ ነው የሞተው። ተሸንፎ አይደለም። ባለቤቱ ሊጉ ውስጥ ያለውን ቦታ ደቡብ ላለ ሌላ ከተማ ሰው ሸጠው፤ በቃ፣ በዓሉም ቀረ። ደሜ ፈላ፤ ግን በማን ላይ ይፈላል? የወንድሜ ልጅ፣ «ፔቲሽን አለ፣ ሳይን አድርጊ» ብላ ላከችልኝ፣ ፈረምኩ። ምን እንደሚሠራ እስከ አሁን አላውቅም። ክለቡ ቢሮም ደወልኩ። መልእክት ተዉ የሚል የማሽን ድምፅ ሲመጣ፣ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ «ወንድሜ እኮ ሊመጣ ነበር» ብዬ ዘጋሁት።

ለጋሼ እንዴት ይነገረው? ይህ ነበር ጭንቀቱ። ልጁ ስልኩን «አፕዴት ላደርግልህ» ብላ ወሰደችበት፤ ያ ከአንድ ቀን በላይ እንደማያቆየው አውቀናል። ማታውኑ ሐጂ ሱቅ ተሰበሰብን። እሳቸው የኛን ሰው መርዶ ሁሉ ያረዱ ናቸው፤ እናት የሞተችበትም፣ ወንድም የሞተባትም ከእሳቸው አፍ ነው የሰሙት።

«ዱብ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም» አሉ። «ጠዋት ሱብሒ ሰግደን፣ ሰብሰብ ብለን እንገባለን። መጀመሪያ እናስቀምጠዋለን። ቀስ ብለን እናለዝበውና እንነግረዋለን። ሰው መሃል ያለ ልብ ይችላል።»

«ሐጂ፣ ፕሊስ» አለች ልጁ። «ኢትስ ፉትቦል፤ ኳስ እኮ ነው። እኔ ብቻዬን ሻይ እያፈላሁለት ልንገረው። እናንተን ሁላችሁንም ካየ ይደነግጣል።»

«አንቺ ልጅ ነሽ፤ የእኛን ነገር አታውቂውም» አሏት። እኔም ልክ ናቸው ብዬ አንገቴን ነቀነቅኩ። ሌላ መንገድ አላውቅም ነበር፤ በዕድሜዬ ክፉ ወሬ የሰማሁትም ያሰማሁትም እንደዚያ ብቻ ነው። ልጁ እሷ በሌለችበት እንዳንገባ አስማለችንና ወደ ቤቷ ሄደች።

ጠዋት አራት ሆነን ሕንጻው በር ላይ ቆምን፤ ሐጂ፣ የጋሼ ሁለት ጓደኞችና እኔ። ዳቦና ሻይ በፔርሙስ ይዣለሁ፤ ጥቁር ሻርፕ አድርጌያለሁ፤ ለምን ጥቁር እንዳደረግኩ አትጠይቁኝ፣ እጄ እንደለመደው ነው ያነሣሁት። ልጁ የለችም። ስልኬ ላይ «የቪክቶሪያ ላይን ባቡር ዲሌይ አድርጓል፣ ጠብቁኝ» ብላለች። ልንጠብቃት ነበር። ግን ጋሼ ለእርምጃው ማልዶ ተነሥቶ ኖሮ፣ ሊፍቱ ተከፈተና ቱታውን እንደለበሰ ፊት ለፊታችን ብቅ አለ።

ፈገግ ሊል ነበር። ከዚያ ፊታችንን አየ፣ ዳቦውን አየ፣ ሻርፔን አየ። ሐጂን በዚያ ሰዓት በሰው በር ላይ ያየ የእኛ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዓይኑ ከአንዳችን ወደ ሌላችን ሄደ፤ እየቆጠረን እንደሆነ አወቅኩ። የጎደለችውን እየፈለገ ነበር።

«ልጄ የታለች?» አለ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ግን ሥርዓቱ አለ፤ የሚናገረው ሽማግሌው ነው፤ ወደ ሐጂ ዞርኩ። ሐጂም ክንዱን ያዝ አድርገው በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው፣ «ወደ ቤት እንግባ ወንድሜ። መጀመሪያ ቁጭ እንበል። ሁላችንም የአላህ ነን» አሉት።

ጋሼ ግድግዳውን ያዘ። እጁ ወደ ደረቱ፣ ወደዚያ ጠባሳ ሄደ። «ሐጂ፣ እባክዎ» አለ፤ «ልጄ ናት? እርስዎ ዋሽተውኝ አያውቁም፤ ልጄ ናት?» ጓደኞቹ ደግፈው ያዙት። እኔ እሪ አልኩ። «ክለቡ ነው! ጋሼ፣ ክለቡ ነው የሞተው! ልጅህ ደህና ናት፣ ባቡር ላይ ናት!» አንዲት ጎረቤት በሯን ከፍታ አየችንና መልሳ ዘጋች።

አልገባውም። ሁለት ሦስቴ ደገምኩለት። ልጁ ጋ ደውዬ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረግኩለት፤ ድምጿን ሲሰማ እዚያው ሊፍቱ ደጃፍ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። «አልሐምዱሊላህ» አለ። «አልሐምዱሊላህ፣ ክለቡ ነው! ክለቡ ብቻ ነው!» እያለ እየሳቀ፣ እንባው በጉንጩ እየወረደ፣ የሐጂን እጅ ሳመ። እኛም ሳቅን። ሌላ ምን እናደርጋለን? ቤት ገባን፣ ዳቦ ቆረስን። ልጁ እየሮጠች ስትደርስ አቅፎ አልለቅ አላት፤ እሷ በትከሻው በላይ እኔን በምታይበት ዓይን ግን ጠላቴ እንኳ አይታይ። ሐጂ ሲወጡ በሩ ላይ፣ «አየሽ፣ በደህና ቻለው» አሉኝ። እውነትም የቻለው መስሎኝ ነበር።

ስለ ክለቡ ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልተናገረም። ጓደኞቹ ሲያገኙት ያንን ጠዋት እያነሡ ይስቃሉ፤ ክለቡ ሲሞት አልሐምዱሊላህ ያለው ሰውዬ እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል። እሁድ ጠዋት ስሄድ ቴሌቪዥኑ አልተከፈተም። ጫማው በር ሥር እንዳለ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሄድኩ፤ አንድም ቀን ተነሥቶ አላገኘሁትም። ሐኪሞቹ ጋ አብሬው ሄጄ ነበር፤ ይራመድ አሉኝ፣ እንደ ድሮው። ልጁ ትኬት ቆርጣ ከተማዋን ብቻ እንኳ እንዲያይ ልትወስደው ጠየቀችው። «ማን ጋ?» አላት።

ባለፈው እሁድ ትዕግሥቴ አለቀ። ሶፋው ፊት ቆሜ ጮኽኩበት። «ካዘንክ እዘን! አልቅስ፣ ተሳደብ፣ እኔን ምታኝ! ዝም ብለህ አትሙትብኝ!»

ጋሼ አልተቆጣም። እንደ ልጅነቴ፣ ነገር እንደሚያስረዳኝ ሁሉ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ሰው ሁሉ ባለበት አልሐምዱሊላህ ብዬበታለሁ እኮ» አለኝ። «እየሳቅሁ። አሁን ተመልሼ ምን ብዬ ላልቅስለት?»

ከጎኑ ተቀመጥኩ።