ሁለት ኮርና፣ አንድ ሪጎሬ

ልጅ እያለሁ አንድም ቀን ጎል አግብቼ አላውቅም። ይህን የምለው በሐፍረት አይደለም። የኔ ትውልድ ሰው ስለ ልጅነቱ ኳስ ሲያወራ ሁሉም አጥቂ ነበር፤ ሁሉም ሦስት ሰው አልፎ፣ በረኛውን አስተኝቶ ያገባ ነው። እንዲህ ከሆነ ከኋላ ማን ቆሞ ነበር? እኔ ነበርኩ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ወደ ቀበና ወንዝ ባዘቀዘቀው ሜዳችን ላይ፣ ከእንጦጦ በሚወርደው ብርድ ጆሮዬ እየቀላ፣ በተረገጠ ባሕር ዛፍ ቅጠል ሽታ አፍንጫዬ እየተከፈተ፣ ወደ ኋላ ስሮጥ ነው ያደግሁት።

በሰፈራችን ተከላካይ የሚሆነው የተመረጠ ሳይሆን የተረፈ ልጅ ነበር። መጀመሪያ አጥቂዎቹ ይመረጣሉ፤ ቀጥሎ ኳስ ይዞ የመጣው ልጅ የፈለገበት ቦታ ይሰለፋል፤ በመጨረሻ የቀረነው «እናንተ ከኋላ ሁኑ» እንባላለን። እኔ መነጽሬን በላስቲክ ከጭንቅላቴ ጋር አስሬ የምጫወት ስለነበርኩ ከቀሪዎቹም ቀሪ ነበርኩ። የቡድናችን ጎል አግቢ ቴዲ ባየኝ ቁጥር «አንተ አጥር፣ ዛሬ ደግሞ ስንት ሰው ይዘልህ ይሆን?» ይለኝ ነበር።

ይህን የለወጠው ጋሽ ሙላት ነው። ጋሽ ሙላት ያኔ ሠላሳ ዓመት እንኳ ያልሞላው፣ ቤት ለቤት እየዞረ የውሃ ቆጣሪ የሚያነብ የሰፈራችን ሰው ነበር። ሥራው ከቆጣሪ ይልቅ ከውሻ ጋር ነበር ማለት ይቀላል። ከፈረንሳይ እስከ ቀበና ያለውን የግቢ ውሻ ሁሉ በየስሙ ያውቃል፤ ተነክሶ ግን አያውቅም። ምስጢሩን ሲጠይቁት፣ «ጀርባህን አትስጠው፣ አትሩጥ፤ ጎንህን ሰጥተህ፣ ዓይንህን ደረቱ ላይ ተክለህ፣ ቀስ እያልክ አንተ ወደምትፈልገው ጥግ ውሰደው» ይላል። እኛን ያስተማረንም ይህንኑ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አጥቂዎቹን ችላ ብሎ የተረፍነውን አራት ልጆች ይሰበስብና አንዳችንን ውሻ፣ አንዳችንን ቆጣሪ አንባቢ እያደረገ ያሠለጥነን ነበር። «እግሩን አትዩ፣ እግር ይዋሻል» ይለናል። ቴዲ ሳቀብን። ከሁለት ወር በኋላ ግን ሊያልፈኝ ሲያቅተው፣ «ጋሽ ሙላት፣ ይሄ ልጅ ጨዋታ አበላሸ እኮ!» ብሎ ከሰሰኝ። እስከ ዛሬ ካገኘኋቸው ሽልማቶች ሁሉ ትልቁ ያ ክስ ነው።

የሜዳችን ሕግ ላልተጫወተበት ሰው እንግዳ ነው። ኳስ ከታችኛው ጎል ጀርባ ከወጣች ቁልቁል ተንከባልላ ወንዝ ትገባለች፤ ወርዶ፣ አውጥቶ፣ አጥቦ እስኪመለስ የጨዋታው ስሜት ያልቃል። ስለዚህ በሌላው ሰፈር ሦስት ኮርና አንድ ሪጎሬ ሲሆን፣ በኛ ሜዳ ሁለት ኮርና አንድ ሪጎሬ ነበር። ተከላካዮች ኳሷን ሁለቴ ከጎላቸው ጀርባ ካስወጡ በረኛቸው ብቻውን ከመቺው ጋር ይፋጠጣል። ጋሽ ሙላትም «ውደቅ፣ ተሰበር፣ ኮርና ግን አታውጣ» እያለ አሳደገን።

ጋሽ ሙላት ከዚህ ዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የኮሌጅ ቡድን ተከላካዮችን ማሠልጠን። ዋና አሠልጣኝ መሆን አላማረውም። ጉርድ ሾላ አካባቢ ቡድን የነበረው አንድ ኮሌጅ ነበር፤ አሠልጣኙ ኮፍያቸውን የማያወልቁ መምህር ደሳለኝ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ጋሽ ሙላት የአሠልጣኝነት ወረቀት የለውም፤ ትምህርቱም ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፈም። ደጅ ሲጠና ከርሞ በመጨረሻ ሰውየው፣ «እንግዲያው ልጆችህን አምጣና ከአዲስ ገቢዎቻችን ጋር ይጫወቱ። ጎል ሳይገባባቸው ከወጡ ተከላካዮቼን አንተ ትይዛለህ» አሉት። ይህን ሲነግረን ቴዲ እንኳ አልቀለደም።

ጨዋታው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። የኮሌጁ ሜዳ ለጥ ያለ ነው፤ እኛ ደግሞ ለጥ ያለ ሜዳ ስለማናውቅ መጀመሪያ ላይ እግራችን ግራ ተጋባ። አዲስ ገቢዎቹ ጢም ያበቀሉ ጎረምሶች ናቸው። ግን አላለፉንም። ጎናችንን እየሰጠን፣ ደረታቸውን እያየን፣ ወደ መስመሩ ጥግ ወሰድናቸው። አንዱ ተናዶ፣ «እናንተ ልጆች፣ ኳስ ልትጫወቱ ነው የመጣችሁት ወይስ ጥበቃ ልትቀጠሩ?» አለን። አንድ ኮርና አወጣን፤ እሱንም መለስነው። ጋሽ ሙላት ከመስመሩ ዳር ሁለት እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ ከንፈሩን ይነክሳል።

ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ኳሷ ከበረኛችን እጅ አመለጠችና ወደ ጎሉ ጥግ ተንከባለለች። ከአንድ ረጅም አጥቂ ቀድሜ ደረስኩባት። በእግሬ ጫፍ ነካ ባደርጋት ከጎሉ ጀርባ ትወጣለች፤ ያልቃል። ግን ሁለተኛ ኮርና ነው። ሁለት ኮርና አንድ ሪጎሬ። ወንዝ በሌለበት ሜዳ ላይ ቆሜ የቀበና ወንዝ ታየኝ። ኳሷን አቁሜ ልዞር ስል ረጅሙ ልጅ ከእግሬ ሥር ነጥቆ አገባት።

መምህር ደሳለኝ ፊሽካቸውን ነፍተው ወደ እኔ መጡ።

«አንተ ልጅ፣ ለምን አላወጣሃትም?»

«ሁለተኛ ኮርና ይሆናል ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«ቢሆንስ?»

«ሪጎሬ ነዋ።»

የኮሌጁ ልጆች ሣሩ ላይ ወድቀው ሳቁ። ጋሽ ሙላት አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። «ልጁን ይተዉት። ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አላቸው።

ሦስት ቀን ተደበቅሁት። በአራተኛው ቀን ግን የኛን ቆጣሪ ሊያነብ በራችንን አንኳኳ፤ እናቴም ከጓዳ ጎትታ አወጣችኝ። ጋሽ ሙላት ቆጣሪው ላይ አጎንብሶ እየጻፈ፣ ቀና ሳይል፣ «ቅዳሜ ትመጣለህ» አለኝ።

«እኔ ነኝ ያስቀረሁህ» አልኩት፤ እንባዬ መጣ።

«እኔን የምታስቀር አንተ ማን ነህና?» አለ። «የኛን ሜዳ ሕግ የዓለም ሕግ አስመስዬ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ሰኞ ተመልሼ ሄጄ ነበር።»

«ምን አሉህ?»

«አሠልጣኝ አትሆንም አሉኝ። ዳር ቆሜ ልይ አልኳቸው። ማየት አልከለክልም አሉ።» ደብተሩን አጠፈና ብብቱ ውስጥ ከተተው። «ይበቃኛል።»

ከዚያ በኋላ ያለው ለጋዜጣ አይመችም፤ አንድም አስደናቂ ቀን የለበትም። ዓመት ሙሉ ከሥራ ሲወጣ ጉርድ ሾላ ድረስ በእግሩ እየሄደ መስመር ዳር ቆሞ አየ። በሁለተኛው ዓመት ኳስ እንዲያመላልስ ፈቀዱለት። የጨዋታውን ሕግ መጽሐፍ ከኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ተውሶ ከዳር እስከ ዳር በእጁ ገለበጠ፤ እኛንም እንደ ዳዊት አስደገመን። በሦስተኛው ዓመት መምህር ደሳለኝ ታመው በቀሩ ጊዜ ተከላካዮቹ ራሳቸው «ጋሽ ሙላት ያሠልጥነን» አሉ። ሽማግሌው ሲመለሱ ቡድናቸውን አዩ፣ ኮፍያቸውን አስተካከሉ፣ ተከላካዮቹን ለሱ ተዉለት። ቆጣሪውን የተወው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ዋና አሠልጣኝ መጣ፣ ስንቱ ተባረረ፤ እሱ ግን ከነተከላካዮቹ ቀረ። አንድ ጊዜ ዋናውን ቦታ ሰጥተውት፣ «አጥቂ አልችልም፣ ይጮኽብኛል» ብሎ መለሰው። ቴዲ በበኩሉ ስለ ልጅነት ጎሎቹ ዛሬም ያወራል፤ ቁጥራቸው በየዓመቱ ይጨምራል።

ያ ሜዳችን አሁን ፎቅ ተሠርቶበታል። የዛሬ ልጆች ሰው ሠራሽ ሣር አላቸው፣ ስማቸው የታተመበት ማሊያ አላቸው፣ ሲወድቁ የሚደግፋቸው ወላጅ አጥሩ ላይ ተደርድሯል። ያኔ ይሻል ነበር ከሚሉት ወገን አይደለሁም፤ ሜዳችን ሜዳ አልነበረም፣ ጫማችንም ጫማ አልነበረም። የሚናፍቀኝ ግን ለተረፉት ልጆች ጊዜ የነበረው ሰው ነው።

ባለፈው ሰሞን በጉርድ ሾላ ሳልፍ ወደ ኮሌጁ ጎራ አልኩ። ጋሽ ሙላት ጸጉሩ ነጭ ሆኗል፤ አንድ ጉልበቱን በፋሻ ያስራል። አራት ወጣቶች ፊቱ አሰልፎ ያሠራል። ልጁ የሚሆን ወጣት ዋና አሠልጣኝ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ «ጡረታ ከወጡ ቆዩ እኮ። ሦስት ጊዜ ሸኝተናቸዋል» አለኝ።

«ጋሽ ሙላት፣ ጡረታ ወጣህ ይሉኛል፣ እውነት ነው?» አልኩት።

«ከደመወዙ ነው የወጣሁት» አለኝ፣ ዓይኑን ከልጆቹ ሳይነቅል።

ያኔ ወደ ሜዳ እንዲያስገቡት ደጅ ይጠና ነበር። ዛሬ ከሜዳ የሚያስወጣው ጠፍቷል።