ስሙ የተሸፈነ ግጥም

የሥነ ጽሑፍ ሂስ ታሪክ መግቢያ የሚባለውን ትምህርት የምታስተምረውን ሴት ተማሪዎቿ «ቀይ እስክሪብቶ» ይሏታል። እንደ ስሟ ክፉ አይደለችም፤ ክፋቷን በሙሉ ለአንድ ሰው ነበር ያስቀመጠችው።

ያ ሰው የራሷ መምህር የነበሩት ሽማግሌ ናቸው። በተማሪነቷ ዘመን፣ ጸሐፊውን ትቶ ቃሉን ብቻ ስለሚመዝነው የሂስ ወገን ሲያስተምሩ፣ ከተማሪዎቻቸው ግጥሞች አንዱን ስሙን ሸፍነው፣ አባዝተው አደሉ። የእሷ ነበር። የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ስለነበረችው እናቷ የጻፈችው፣ የመጀመሪያ ግጥሟ። አንዱ ተማሪ ሳሙና ሳሙና ይላል ሲል ክፍሉ ተንከተከተ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች፤ እንዳይነቃባት ግን አብራ ሳቀች። መምህሩም መነጽራቸውን እየወለወሉ፣ «ይህ ሰው ሌላ ሙያ ይፈልግ» ብለው ዘጉት። ወረቀቱን መንገድ ላይ ቀዳድዳ ጣለችው። ቤት ስትደርስ እናቷ እስቲ አንብቢልኝ ብትላት፣ ጠፋብኝ አለቻት። እናቷ ግጥሙን ሳትሰማው ሞተች። ይህን ነው ይቅር ያላለቻቸው።

ሆድ ይፍጀው ብላ ተማረች፤ ሽማግሌው ጡረታ ሲወጡም ቦታቸውን ያዘች። ገጣሚ ከከተማ ይባረር ካሉት ከጥንቶቹ ተነስታ፣ ግጥምን በምክሩ የመዘኑትን፣ የጸሐፊውን ኑሮ የበረበሩትን፣ ትርጉም ያለው አንባቢው ዘንድ ነው ያሉትን ሁሉ በየዓመቱ ታስተምራለች። ስም ሸፋኞቹ ጋ ስትደርስ ብቻ ድምጿ ይሻክራል።

ዘንድሮ ሽማግሌው ስስ የግጥም መድበል አሳተሙ። ገዝታ ስታገላብጠው፣ በቅርቡ ለሞቱት ባለቤታቸው የጻፉትን አገኘች። አሁን እጄ ገባህ አለች በሆዷ፤ አንተ ብላቸው የማታውቀውን ሰው።

ደውላ ለክብር እንግድነት ጠራቻቸው። ከረባት አስረው፣ ፊታቸው በርቶ መጡ። ከኋላ፣ መስኮቱ ጥግ ካለው ወንበር አስቀመጠቻቸው። መድበሉን ገና ማንም ተማሪ አላየውም። ስም የሌለው ወረቀት ሲታደል ለእሳቸውም ደረሳቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ አነበቡ፣ መልሰው አወለቁት።

ልጆቹ አልራሩም። በግጥሙ ውስጥ ሟቿ ሻይ ታማስላለች፤ አንዷ ተማሪ ሰውየው የናፈቀው ሚስቱን ሳይሆን ማንኪያዋን ነው ስትል ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሽማግሌው አብረው ለመሳቅ ሞከሩ። ያን ስታይ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

«ጋሼ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አለቻቸው።

ዓይን ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። የእኔ ነው ማለት አልሆነላቸውም።

«ይህ ሰው... ሌላ ሙያ ይፈልግ» አሉ።

ተማሪዎቹ ሲወጡ ሽማግሌው ከተቀመጡበት አልተነሱም።

«ስም መሸፈን የኔ ዘዴ ነበር። ያንቺንም ግጥም እንዲህ አድርጌብሽ ነበር ማለት ነው?»

«እዚሁ ወንበር ላይ ነበር የተቀመጥኩት።»

«ስለ ምን ነበር ግጥሙ?»

ለሁሉም ነገር መልስ አዘጋጅታ ነበር፤ ረስተውት ይሆናል ብላ ግን አስባ አታውቅም። ደሟ ፈላ።

«ስለ እናቴ» አለች።

«የኔ እኮ ስለ ባለቤቴ ነው።»

«አውቃለሁ ጋሼ። አውቄ ነው የመረጥኩት።»

ሰሌዳውን ጠርጋ፣ ሳትሰናበታቸው ወጣች። መንገዱን ሙሉ ደስ ብሏት ሄደች። ቤቷ ገብታ ከእናቷ ፎቶ ፊት ተቀመጠችና፣ አሁን ላንብብልሽ ብላ አፏን ከፈተች። ከሳሙናው በስተቀር አንድም ስንኝ አልመጣላትም። ሽማግሌውን እንደገና ረገመቻቸው።