ሞያሌ ላይ ሃያ ብዬ የጠራሁ ዕለት

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት ረቡዕ ማለዳ ነው። አውቶቡስ ተራ በር ላይ ሻንጣዬን የከፈተው ፈታሽ ሁለት የእጅ ሬዲዮ፣ ሦስት ባትሪና አንድ ጥቅል ፕላስተር ሲያገኝ ቀና ብሎ አየኝ።

«ፖሊስ ነሽ?»

«መድረክ አስተባባሪ ነኝ።»

«እንግዲያው አንድ ዝፈኚልን!»

ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ሥራ ኖሬ ምን እንደሆነ ማስረዳት እስካሁን አልሆነልኝም። ተዋናዩ መቼ እንደሚገባ፣ መብራቱ መቼ እንደሚጠፋ፣ መጋረጃው መቼ እንደሚዘጋ ከጀርባ ሆኜ የምጠራው እኔ ነኝ። ሥራው ከሰመረ መኖሬን የሚያውቅ የለም። ደግሞም እንዲያውቁልኝ አልፈልግም።

የምሄደው ወደ ኬንያዋ ሞያሌ ነበር። የከተማው ሰዎች፣ በጭነት መኪና ወጥተው መንገድ ላይ ስለቀሩ ልጆችና ስለሚጠብቋቸው እናቶች ድራማ ሠርተዋል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዜማ ስለሆነ አዘጋጁ «ኦፔራ» ይለዋል። የሚታየው አንድ ቀን ብቻ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ጀርባውን እንድይዝለት ከምሠራበት ቲያትር ቤት አስፈቅዶ ጠራኝ።

ዲላ አደርን። በማግስቱ ከሐገረ ማርያም ወዲያ አረንጓዴው እየሳሳ ሄዶ፣ ያቤሎን ስናልፍ ቀይ አፈር፣ ግራርና ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ ብቻ ቀረ። ሜጋ ላይ የፍየል ጥብስ በላን፤ ጥርስ ይፈትናል እንጂ ይጣፍጣል። አሥር ሰዓት ላይ ሞያሌ ወረድኩ። ፓስፖርቴን አስመትቼ ድንበሩን በእግሬ ተሻገርኩና፣ በሃምሳ ሽልንግ ቦዳ ቦዳ ሞተር ላይ ተፈናጥጬ ትርኢቱ ወደሚታይበት የትምህርት ቤት አዳራሽ ሄድኩ። መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ሸፍነዋቸው ነበር።

አርብ፣ ልምምድ

ሁሉንም ምልክት ቁጥር ሰጠሁት። አሠራሬ የታወቀ ነው፤ መጀመሪያ ቁጥሩን እጠራለሁ፣ ትንፋሽ ወስጄ «ተዘጋጅ» እላለሁ፣ ሰዓቱ ሲደርስ «አሁን»። መብራቱን የያዘው ጉዮ የሚባል የከተማው ተወላጅ ነው። አማርኛን የተማረው ከነጋዴዎች ጋር ሲሠራ ነው።

«ሳዋ፣ እህቴ» አለኝ፤ እሺ ማለቱ ነው። «አንቺ ቁጥር ተናገር፣ እኔ ይሠራል።»

እንደተናገረውም ይሠራ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ግን ልምምዱ ተቋረጠ። ማንያታ ሰፈር ሱቅ ያላቸው ወይዘሮ አስካለ በሦስተኛው ክፍል ብቻቸውን ቆመው የሚያዜሙት እንጉርጉሮ አለ። መጨረሻው ላይ የገዛ ልጃቸውን የሲሳይን ስም ይጠራሉ። እዚያ ሲደርሱ ጥለው ወጡ።

«የልጄን ስም ለልምምድ አልጠራም» አሉኝ። «ከሞተ ወዲህ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ነገ አንድ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ እጠራዋለሁ። ከዚያ ወዲያ አልደግመውም።»

አዘጋጁ ወደ ጎን ወስዶ የቀረውን ነገረኝ። ሲሳይ የሞተው ማርሳቢት መንገድ ላይ በተገለበጠ መኪና ነው፤ ሾፌሩ ጉዮ ነበር። ከዚያ በኋላ መሪ አልጨበጠም፤ ጄኔሬተርና መብራት እያከራየ ይኖራል። እናትየዋ ጉዮ መብራታቸውን እንዲይዝ ሲፈቅዱ ከተማው በሙሉ እርቅ ወርዷል ብሎ ነበር። እኔም ስለ ቁጥሮቼ እንጂ ስለዚህ ብዙ አላሰብኩም። ከአሥራ ዘጠኝ ወደ ሃያ አንድ ዘልዬ ልምምዱን ቀጠልኩ።

ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት

አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ከጎልቦ ቆላ ድረስ በጭነት መኪና ተጭነው የመጡ አሉ። አሥራ ዘጠኝን ጠራሁና አንድ መብራት ብቻ ወይዘሮ አስካለ ላይ በራ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከዚያች ቀጭን ሴት ይወጣል ብዬ አልጠበቅኩም፤ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። አንድ ስንኝ ቀራቸው። ስሙ ሲጠራ መብራቱ እንዲጠፋ ሬዲዮውን ወደ አፌ አስጠጋሁና፣

«ሃያ...» አልኩ።

«ተዘጋጅ» ሳልል አዳራሹ ጨለመ።

ሕዝቡ ያለቀ መስሎት አጨበጨበ። «አብራ! አብራ!» አልኩ። ሲበራ መድረኩ ባዶ ነበር። ወይዘሮ አስካለ በአጠገቤ ሲያልፉ፣ «ጉዮ ስሙን መስማት ከበደው» አሉ። እኔም «ሃያ አንድ» ብዬ ቀጠልኩ። ሥራዬ ነው፤ ግን እስካሁን ያሳፍረኛል።

ትርኢቱ እንዳበቃ ጉዮን ውጭ ገመድ ሲጠቀልል አገኘሁት። ዓይኑ ቀልቷል።

«ምን ነክቶህ ነው ያጠፋኸው?»

«አንቺ እኮ ነሽ! ሀያ አልሽኝ።»

«ሃያ ቁጥር ነው!»

«ቁጥር አውቃለሁ። ግን እኔ እሷን አይቶ ያለቅስ ነበር። በኛ ስዋሂሊ ሀያ ማለት በል፣ ቀጥል ነው። ጆሮዬ ስዋሂሊውን ሰማ፤ እጄ አጠፋ።»

ክው አልኩ። በልምምድ ያንን ቁጥር አንድ ጊዜ እንኳ አልጠራሁትም። ወደ ሰው አገር ስመጣ ቃሎቼን መፈተሽ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

እሑድ፣ ማንያታ

ወይዘሮ አስካለ ከቤተ ክርስቲያን እስኪመለሱ ጠብቄ ሱቃቸው ሄድኩ። ጠራራ ፀሐይ ነው፤ ቆርቆሮው ይንጣጣል። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን፣ ጉዮ የሰማውን ቃልና የጠራሁትን ቁጥር አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ወይዘሮ አስካለ እዚህ ከተማ ልጅ ወልደው ያሳደጉ ናቸው፤ ሳልጨርስ ገባቸው።

«ሀያ» አሉ ለራሳቸው። «በቀን ስንቴ እላታለሁ። ደንበኛን ሁሉ የምሸኘው በሷ ነው።» ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ስረግመው አደርኩ። ሂጂ ጥሪው።»

ጉዮ መጣ፤ ግን ከደጃፉ አላለፈም። «ማማ፣ ይቅርታ» ብሎ አንገቱን ደፋ።

«ግባና ቁጭ በል። ገና አልጨረስኩም።»

ባንኮኒው ላይ ያለውን ሚዛን ገፋ አድርገው እንጉርጉሮውን ከመጀመሪያው ጀመሩ። እኔ ወጥቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ሳሙና ፈልጋ የመጣች ሴት ነበረች፤ በእጄ ከለከልኳት፣ እሷም ገብቷት ዞራ ሄደች። መብራት የለ፣ የምጠራው ቁጥር የለ። ወይዘሮ አስካለ መጨረሻው ስንኝ ላይ ደርሰው ረጅም ትንፋሽ ወሰዱ። ከዚያ የልጃቸውን ስም ጠሩ። ከውስጥ የጉዮ ልቅሶ ተሰማኝ፤ ወንድ ልጅ እንደዚያ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም። ለረጅም ጊዜ ማንም አልወጣም፤ እኔም ማንንም አላስገባሁም።

መመለስ

አዲስ አበባ ማክሰኞ ማታ ገባሁ። ሥራ የገባሁ ዕለት የዘገባ ቅጹን ሞላሁ። የተፈጠረ ስህተት በሚለው ሥር፣ «ሃያ ቁጥር ቀድሞ ጠፋ፤ ጥፋቱ የጠሪዋ ነው» ብዬ ጻፍኩ። በዚህ ሥራ ሰውን መጥራት እንጂ ሰው ጥሪዬን በምን ጆሮ እንደሚሰማው መጠየቅ እንዳልለመድኩ የተማርኩት ያን ጊዜ ነው። የትርኢት ብዛት የሚለው ላይ ሁለት አልኩ። አለቃዬ አንብቦ፣ «አንድ ቀን ብቻ አልነበረም እንዴ?» አለኝ። ቅጹን መልሼ ወሰድኩ። የተመልካች ብዛት የሚለውንም እንደዚያው ሞላሁት፤ በመጀመሪያው አዳራሽ ሙሉ፣ በሁለተኛው አንድ ሰው።